በዋሽንግተን ዲሲ በግል ግቢ ያለን ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥ፦ ልኬቱ፣ ፈቃዱ፣ ክፍያው

ዲሲ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ግቢው ውስጥ የቆመውን ዛፍም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። ዛፉ የእርሱ መሆኑ እውነት ነው፤ እንደፈለገ መቁረጥ ግን አይችልም። የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች ከደረሰ ያለ ከተማው ፈቃድ መጋዝ ሊነካው አይገባም። 100 ኢንች ከሞላና ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከፍሎም ማስቆረጥ አይቻልም። ያለ ፈቃድ ለተቆረጠ ዛፍ ቅጣቱ በእያንዳንዱ የዙሪያ ኢንች ቢያንስ 300 ዶላር ነው። 60 ኢንች ዙሪያ ያለው ዛፍ 18,000 ዶላር ያስቀጣል ማለት ነው።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የከተማ ደን ጥበቃ ሕግ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚጠበቁት ከ55 ኢንች ጀምሮ ያሉት ዛፎች ነበሩ። የ2016ቱ ማሻሻያ መነሻውን ወደ 44 ኢንች አወረደው፤ ክፍያውንና ቅጣቱንም ከፍ አደረገ፤ ከ100 ኢንች በላይ ላሉት ደግሞ የተለየ ጥበቃ ጨመረ። ስለዚህ ከ2016 በፊት ከ55 ኢንች ያነሰ ዛፍ ያስቆረጠ ጎረቤት «እኛን ማንም አልጠየቀንም» ቢል እውነቱን ነው፤ ግን የዛሬውን ሕግ እየነገረዎት አይደለም። ከተማው የጠበቀበት ምክንያት አለው፦ እ.ኤ.አ. እስከ 2032 ድረስ 40 በመቶ የሚሆነው የከተማው መሬት በዛፍ ጥላ እንዲሸፈን ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በመንገድ ዳር ዛፎች ብቻ አይሞላም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዛፍ ቆራጭ ድርጅት ደውሎ ዋጋ በመጠየቅ ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዛፉ የማን መሬት ላይ እንደቆመ ይወቁ፣ ቀጥሎ ይለኩ፣ ከዚያ ዓይነቱንና ጤንነቱን ይለዩ፣ ፈቃዱን ያውጡ፤ ቆራጩ የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዛፉ የቆመበት መሬት

በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ባለችው የሣር መስመር ላይ የቆመ ዛፍ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ የከተማው ነው። ቢደርቅም ቢታመምም እርስዎ አይነኩትም። ወደ 311፣ የከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ ደውለው ያስመዘግባሉ፣ የከተማው ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፣ የሚቆረጥ ከሆነ ከተማው በራሱ ወጪ ይቆርጠዋል።

ሰዎች የሚሳሳቱት የፊት ለፊት ግቢ ላይ ነው። በዲሲ አሮጌ ሰፈሮች፣ በተለይ ቤቶቹ ተያይዘው በተሠሩባቸው መንገዶች፣ ከእግረኛ መንገዱ እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለው አትክልት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ አይደለም። አጥር ታጥሮበት፣ አበባ ተተክሎበት፣ ባለቤቱ ለዓመታት እየተንከባከበው ቢኖርም በካርታ ላይ የሕዝብ ቦታ ነው። ዲሲ ይህን አሠራር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይዞታል፤ መንገዶቹ በጣም ሰፊ ሆነው ስለተቀየሱ ከተማው ባለቤትነቱን ሳይለቅ ጠርዙን ለቤቶቹ መናፈሻ እንዲሆን ተወው። እዚያ ላይ የቆመ ዛፍ እንደ ከተማው ዛፍ ይታያል።

የመሬትዎን ወሰን ለማወቅ ቤቱን ሲገዙ ከተሰጡዎት ወረቀቶች ውስጥ ፕላቱን፣ ማለትም የመሬቱን ወሰን የሚያሳየውን ንድፍ፣ ያውጡ። ከሌለ ከከተማው የቅየሳ ቢሮ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ፕላቱ ላይ ወሰኑ የቤቱን ፊት ግድግዳ ታክኮ የሚያልፍ ከሆነ የፊት ግቢው የእርስዎ አይደለም። አጥርን የወሰን ማስረጃ አድርገው አይውሰዱ፤ አጥር የሚቆመው ሰው በተመቸው ቦታ ነው።

ግንዱ በእርስዎና በጎረቤትዎ ወሰን ላይ ካረፈ ዛፉ የጋራ ነው፤ የጎረቤት ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ግንዱ ሙሉ በሙሉ ጎረቤት ዘንድ ሆኖ ቅርንጫፉ ወደ እርስዎ የሚያልፍ ከሆነ እስከ ወሰኑ ድረስ ያለውን ቅርንጫፍ መከርከም ይቻላል፣ ዛፉን እስካልገደለው ወይም እስካላናጋው ድረስ። ለዚህ ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥቶ መነጋገር ከጠበቃ ይረክሳል።

ልኬቱ

የሚለካው ዙሪያው ነው። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል፣ ማለትም 137 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሜትሩን ግንዱ ላይ አጥብቆ አዙሮ ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ያለው የልብስ ሰፊ ሜትር 60 ኢንች ብቻ ስለሆነ ለትልቅ ዛፍ አይበቃም። በዚያ ፈንታ የማይለጠጥ ገመድ ያዙሩ፣ የተገናኘበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ገመዱን መሬት ላይ ዘርግተው ይለኩት። 44 ኢንች 112 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 100 ኢንች 254 ሴንቲ ሜትር ነው። በውፍረት ለሚያስብ ሰው፣ 44 ኢንች ዙሪያ ያለው ግንድ ውፍረቱ 14 ኢንች ብቻ ነው። ከሚጠበቀው በላይ ቀጭን ነው፤ ብዙ ሰው «ይሄ እንኳን ትንሽ ነው» የሚለው ዛፍ እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

የዲሲ ግንዶች ላይ አይቪ የሚባለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ ይገኛል። ሜትሩን በሐረጉ ላይ ካዞሩ ልኬቱ በበርካታ ኢንች ይበልጣል፣ በየኢንቹም ይከፈልበታል። በተቃራኒው ሐረጉን በቢላዋ ሲገፉ ቅርፊቱን ከግንዱ ዙሪያ ቢቆርጡት ዛፉን ይገድሉታል፤ ይህም እንደ መቁረጥ ይቆጠራል። ትክክለኛው መንገድ ሐረጉን ደረት ላይና ቁርጭምጭሚት ላይ በመቀስ ቆርጦ፣ የሚለካበትን ቦታ ብቻ በእጅ አላቆ ሜትሩን ከሥሩ ማሳለፍ ነው። እጅጌ ያለው ልብስና ጓንት ይልበሱ፤ ከአይቪው ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ ፖይዝን አይቪ የሚባል ሌላ ሐረግ አለ፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፣ ግንድ ላይ ሲያረጅ ጸጉር ያለው ገመድ የሚመስል። ሲነኩት ቆዳ ያቃጥላል፣ ክረምት ላይ ቅጠሉ ረግፎም ቢሆን።

ግንዱ ከመሬት ጀምሮ ለሁለትና ለሦስት የተከፈለ ከሆነ፣ በሚለካበት ከፍታ ላይ እባጭ ካለ ወይም ዛፉ ተዳፋት ላይ ከቆመ በራስዎ ልኬት አይወስኑ። የከተማው ባለሙያ መጥቶ ይለካው። 43 ወይም 99 የሚል ንባብ ካገኙም እንዲሁ። ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ማስረጃ ጉቶው ነው፣ ጉቶ ደግሞ ሥሩ ላይ ሁልጊዜ ከግንዱ ይወፍራል።

ሦስቱ ምድቦች

ከ44 ኢንች በታች የሆነና በእርስዎ መሬት ላይ የቆመ ዛፍ የዛፍ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከመቁረጥዎ በፊት ሜትሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ ያንሱና ያስቀምጡ፤ በኋላ ጎረቤት ጥቆማ ቢሰጥ መልስ ይኖርዎታል።

ከ44 እስከ 99.9 ኢንች ያለው በሕጉ ስፔሻል ትሪ፣ ልዩ ዛፍ ይባላል። ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጤነኛ ከሆነም በእያንዳንዱ ኢንች 55 ዶላር ለከተማው የዛፍ ፈንድ ይከፈላል። 60 ኢንች ዛፍ 3,300 ዶላር ይሆናል፣ ይህም የቆራጩን ዋጋ ሳይጨምር ነው። ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት የወቅቱን ተመን ይጠይቁ።

100 ኢንችና ከዚያ በላይ ያለው ሄሪቴጅ ትሪ፣ ቅርስ ዛፍ ነው። ይህን ለመቁረጥ ዛፉ አደገኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፣ ወይም ደግሞ ሕጉ ይወገድ ብሎ ከፈቀዳቸው ዝርያዎች መሆን አለበት። በባለሙያ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የሚቻልበት መንገድ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ከባድ መሣሪያ ስለሚፈልግ ለተራ ቤት ባለቤት የሚሆን አማራጭ አይደለም። ቤት ለማስፋት ወይም ጓሮ ውስጥ ሌላ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው መሬቱን ከመግዛቱ በፊት ዛፎቹን ይለካ። ንድፉ ከዛፉ ጋር ካልተስማማ የሚለወጠው ንድፉ ነው።

ሕጉ የሚከለክለው ከሥር መገንደስን ብቻ አይደለም። አናቱን መጨፍጨፍ፣ ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥ፣ መስበርና በማንኛውም መንገድ ማጥፋት እኩል ተከልክለዋል። አንዳንድ ቆራጮች «ፈቃድ ስለሚያስቸግር እናሳጥረውና በራሱ ይደርቃል» ይላሉ። ይህ ራሱ ጥፋቱ ነው። ጤናማ ክርከማ ፈቃድ አይፈልግም፤ ጥሩ ባለሙያ በአንድ ወቅት ከሕያው ቅጠሉ ከሩብ በላይ አያነሳም፣ ዋናውን ግንድም አናቱ ላይ አይቆርጥም።

በግንባታ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከመሬት በታች ነው። ባለሙያዎች የዛፉን ወሳኝ የሥር ክልል የሚያሰሉት በእያንዳንዱ የውፍረት ኢንች 1.5 ጫማ ራዲየስ አድርገው ነው። 20 ኢንች ውፍረት ያለው ዛፍ ከግንዱ በየአቅጣጫው 30 ጫማ ማለት ነው። በዚያ ክልል ውስጥ የመኪና መግቢያ መቆፈር፣ አፈር መከመር ወይም ከባድ መኪና ማመላለስ ዛፉን በዓመታት ውስጥ ሊያደርቀው ይችላል። ቅርስ ዛፍ ያለበት ግቢ የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ የዛፍ ጥበቃ ዕቅድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ የጎረቤት ዛፍ ሥር ወደ እርስዎ ግቢ የገባ ከሆነም ጉዳዩ ይመለከትዎታል።

ያለ ክፍያ የሚቆረጡ ዝርያዎች

ሦስት ዓይነት ዛፎች የመጠን ክፍያ የለባቸውም፤ ፈቃዱ ግን ይወጣላቸዋል፣ ምክንያቱም ዝርያውን የሚያረጋግጠው ከተማው እንጂ ቆራጩ አይደለም። እነዚህም ትሪ ኦፍ ሄቨን፣ ኖርዌይ ሜፕልና የመልበሪ እንጆሪ ናቸው።

ትሪ ኦፍ ሄቨን አጥር ሥርና የጓሮ መንገድ ዳር በራሱ የሚበቅለው ነው። ረጅም ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች አሉት። አንዱን ቅጠል ጨምቀው ቢያሸቱት የተበላሸ የለውዝ ቅቤ ይሸታል። ጥቁር ዋልነት ይመስለዋል፣ ዋልነት ግን ጥበቃ ያለው ዛፍ ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው። የዋልነት ጠርዝ ከላይ እስከ ታች እንደ መጋዝ ጥርስ ሲሆን የትሪ ኦፍ ሄቨን ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ ሥሩ አጠገብ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ጉብ ያሉ ጥርሶች አሉት።

ኖርዌይ ሜፕልን ከሌሎች ሜፕሎች ለመለየት ትኩስ ቅጠል ከነዘንጉ ቀጥፈው ዘንጉን ይስበሩት። ነጭ ወተት ከወጣ ኖርዌይ ነው፤ ውሃ የመሰለ ከሆነ ሌላ ሜፕል ነው፣ ክፍያ አለበት። መልበሪ በአንድ ዛፍ ላይ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች ይኖሩታል፣ ገሚሱ ክብ ገሚሱ ጣት ጣት ያለው፤ ሰኔ ላይ የሚረግፈው ፍሬ ሳይድዎኩን ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ሦስቱንም ለመለየት ቅጠል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማመልከቻውን ቅጠል ባለበት ወቅት ማስገባት፣ ካልሆነም በጋ ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

አደገኛ ዛፍ

ሕጉ አደገኛ የሚለው ሦስት ዓይነቱን ነው። የመጀመሪያው ጉድለት ያለበት፣ የታመመ፣ እየሞተ ያለ ወይም የሞተና መወገድ ያለበት ነው። ሁለተኛው የመውደቅ ወይም የመሰበር ዕድሉ ከፍተኛ ሆኖ ሰው ሊጎዳ ወይም ንብረት ሊያጠፋ የሚችል ነው። ሦስተኛው ንብረት እየጎዳ ያለና ጉዳቱን ዛፉን ከማስወገድ በቀር በሌላ መንገድ ማስቆም የማይቻል ነው። አደገኛ የተባለ ዛፍ የመጠን ክፍያ የለበትም፣ ቅርስ ዛፍም ቢሆን።

«ያስፈራኛል» የሚል ማመልከቻ ብቻውን አይበቃም። ነፋስ ሲነሳ የሚወዛወዝ ትልቅ ኦክ ጤነኛ ኦክ ነው። ባለሙያ የሚፈልገው ምልክት ሌላ ነው፦ ግንዱ ሥር የወጣ እንጉዳይ፣ በአንድ ወገን ተነስቶ የተሰነጠቀ አፈር፣ ሁለት ግንዶች በሚገናኙበት ጉንጭ ላይ የወረደ ስንጥቅ፣ ሲያንኳኩት ባዶ የሚሰማ ክፍል፣ ቅርፊቱ የተገፈፈ ሰፊ ቁስል። እነዚህን በቅርብ ፎቶ አንስተው፣ ሳንቲም ወይም ሜትር አጠገቡ አድርገው ያያይዙ። ከዚያም በአይኤስኤ፣ በዓለም አቀፉ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የተመሰከረለት አርቦሪስት (የዛፍ ባለሙያ) በጽሑፍ ግምገማ ቢሰጥ ነገሩ ይቀላል። ግምገማውን የሚጽፈውና ዛፉን ቆርጦ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው አንድ ባይሆን ይመረጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ሥር ጤነኛ ቧንቧ አይሰብርም፤ አሮጌው የሸክላ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ሲላላ እርጥበቱን ተከትሎ ይገባል። ቧንቧውን መቀየር ወይም ከውስጥ መሸፈን ስለሚቻል «በሌላ መንገድ ማስቆም አይቻልም» የሚለውን ማሳየት ከባድ ነው። የቤት መሠረት ስንጥቅም እንዲሁ የመሐንዲስ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሽ የሚባለው ዛፍ የተለየ ነገር አለው። ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለ አረንጓዴ ጥንዚዛ በአካባቢው ያሉትን አሾች ገድሏቸዋል። አሽ ከሞተ በኋላ እንጨቱ ቶሎ ስለሚሰባበር ሠራተኛ ሊወጣበት አይደፍርም፤ በክሬን ይሆናል፣ ዋጋውም ይንራል። ቅጠሉ ከአናቱ መሳሳት ሲጀምር ማመልከት ከሁለት ዓመት በኋላ ከማመልከት በብዙ ይረክሳል።

ማመልከቻው

ጉዳዩን የያዘው ዲዶት፣ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ውስጥ ያለው የከተማ ደን ክፍል ነው። ማመልከቻው የሚገባው ቶፕስ በሚባለው የዲዶት የኦንላይን ፈቃድ መድረክ ላይ ነው። የሚዘጋጁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ዛፉ ከቤቱ ጋር ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ፣ ሜትሩ ግንዱ ላይ ዞሮ ቁጥሩ የሚነበብበት ፎቶ፣ የቅጠሉ ፎቶ፣ ጉድለት ካለ የጉድለቱ ፎቶ፣ ዛፉ የቆመበት ቦታ በኤክስ ምልክት የተደረገበት ፕላት፣ የአርቦሪስቱ ጽሑፍ ካለ እርሱ። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚያስቸግራቸው እናት ወይም አባት ቤት ከሆነ ልጅ ወይም ቆራጩ ድርጅት በወኪልነት ሊያስገባላቸው ይችላል፤ ፈቃዱ ላይ ግን ትክክለኛው አድራሻና ትክክለኛው ዛፍ መጻፉን ራሳቸው ይዩ። ሁለት ዛፍ ካለ እያንዳንዱ ተለይቶ ይመዝገብ።

የከተማው ባለሙያ መጥቶ ያያል። ከመጣ በኋላ ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፣ በክፍያ ይፈቅዳል፣ ወይም ይከለክላል። በክፍያ ከሆነ ሕጉ ሌላም መንገድ ይተዋል፦ ዙሪያቸው ተደምሮ ከሚቆረጠው ዛፍ ዙሪያ የማያንስ ችግኞች መትከል፣ ወይም ገሚሱን ተክሎ ገሚሱን መክፈል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ችግኝ ዙሪያው 6.28 ኢንች ገደማ ነው፤ ለ60 ኢንች ዛፍ አሥር ችግኝ ይሆናል። የዲሲ ጓሮ አሥር ዛፍ አይችልም፤ ሁለት ሦስት ተክሎ ቀሪውን መክፈል ነው የሚያዋጣው። የትኛውን እንደሚቀበሉ ባለሙያው ሲመጣ በዚያው ይጠይቁት።

ፎረስት ሂልስና ቼይን ብሪጅ ሮድ አካባቢ፣ ዳገታማና ደን የበዛባቸው ሰፈሮች፣ በከተማው የዞን ደንብ ተጨማሪ የዛፍና የተዳፋት ጥበቃ አለባቸው። እዚያ የዛፍ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም።

ማዕበል ዛፉን ቤት ላይ ከጣለው ወይም ሊወድቅ ከተሰነጠቀ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ ከሆነ ማንም አይጠጋ፤ ወደ 911ና ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያው ፔፕኮ ይደወላል። ሽቦ ካልነካ ሰዎቹን ከቤት አውጥተው 311 ይደውሉ፣ ከመቆረጡ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፣ የተሰበረውንም ግንድ እስኪታይ አያስጭኑ። ለኢንሹራንሱም ያው ፎቶ ያስፈልጋል።

ቆራጩ

ፈቃዱ ሲወጣ ቢያንስ ሦስት ዋጋ ይጠይቁ። ከዋጋው በፊት ግን ሁለት ወረቀት ይጠየቃል፦ የተጠያቂነት ኢንሹራንስና የሠራተኞች የጉዳት ኢንሹራንስ። ወረቀቱን ከቆራጩ እጅ አይቀበሉ፤ የኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ ወደ እርስዎ ኢሜይል ያድርገው። ሠራተኛ ከዛፍ ላይ ወድቆ ኢንሹራንስ ባይኖረው ተካሹ የቤቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

«ፈቃድ አያስፈልግም፣ ቅዳሜ ማለዳ እንጨርሰዋለን» የሚል ድርጅት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ሕጉ ክልከላውን በሰውም በድርጅትም ላይ ነው የጣለው፤ ቆራጩ ስልኩን ዘግቶ ሲጠፋ ጉቶው ያለው ግን እርስዎ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማሻሻያ ዲዶት ሥራውን በዚያው እንዲያስቆም ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪው ቆሞ እያየ ዛፉ ያልቅ ነበር። ሌላ ትንሽ ምልክት፦ ዲሲ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መጥረጊያ ብሎወር ከልክሏል። እርሱን ይዞ የመጣ ድርጅት የከተማውን ደንብ አይከታተልም።

ውሉ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦ የፈቃዱ ቁጥር፣ ግንዱን የሚጭነው ማን እንደሆነ፣ ጉቶው እስከ ስንት ኢንች ጥልቀት እንደሚፈጭ፣ የተፈጨው እንጨት ይወሰድ እንደሆነ፣ አጥርና የጎረቤት ጣሪያ ቢጎዳ ማን እንደሚጠግን። «ማጽዳት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ውል ግንዱን ጓሮ ውስጥ ጥሎ ለመሄድ ይመቻል። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አይሰጥም።

መኪናው ወይም ክሬኑ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ የፓርኪንግ መከልከያ ምልክት ከቶፕስ ይወጣል፣ የመኖሪያ ሰፈር ከሆነም ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ዘግይቶ ከተለጠፈ የቆመ መኪና ማስነሳት አይቻልም፣ ክሬኑ ተመልሶ ይሄዳል፣ ክፍያው ግን አይመለስም። ቅርንጫፉ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በ10 ጫማ ውስጥ ከሆነ ለሽቦ ሥራ የሠለጠነ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም መግባት የለበትም፤ አስቀድሞ ለፔፕኮ ይነገራል።

ጉቶ ከመፈጨቱ በፊት 811 ይደወላል፤ ነጻ ነው። በአካባቢው የሚያልፈውን የጋዝ፣ የውሃና የስልክ መስመር በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፣ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ይስጧቸው። ጉቶ መፍጫ ማሽን ጋዝ መስመር ከመታ ነገሩ ከዛፍ ጉዳይ ያልፋል።

ትሪ ኦፍ ሄቨን ከሆነ የቆረጡት ገና መጨረሻ አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ነው፤ ይሄኛው ግን ከሥሩ፣ ከግንዱ ብዙ ጫማ ርቆ፣ በጎረቤት ግቢም ጭምር በደርዘን ይወጣል። ስለዚህ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ፀረ አረም መድኃኒት ቅርፊቱ ላይ ጠለፍ ጠለፍ ተደርጎ በተቆረጠ ቁስል ይሰጠዋል። በዚህ ወቅት ዛፉ ምግቡን ወደ ሥር ስለሚያወርድ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ከ30 ቀን በኋላ ይቆረጣል። በጸደይ መድኃኒት ሳይሰጡ የቆረጡት ሰው በዓመቱ ከአንድ ዛፍ ሃምሳ ዛፍ ያገኛል።

በምትኩ ለመትከል የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪቨርስማርት ሆምስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ በግል ግቢ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችን ያስተክላል። ኬሲ ትሪስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ተከላው ከመኸር እስከ ጸደይ መጀመሪያ ስለሆነ በበጋ ያስቆረጠ ሰው ቀደም ብሎ ይመዝገብ።

ከዲሲ ወሰን ማዶ

መንገዱን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ከዲሲም ይጠብቃል፤ እዚያ ፈቃድ የሚጀምረው ከ24 ኢንች ዙሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ስለሆነ በተራ ግቢ ያለን ዛፍ ለማስቆረጥ ብዙውን ጊዜ የካውንቲ ፈቃድ አያስፈልግም። ቤቱ ታሪካዊ በተባለ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ግን 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ዛፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሬቱ የደን ጥበቃ ውል ካለበት ወይም ከፍተኛ የአፈር ቁፋሮ ያለው ግንባታ ከሆነም ሌላ ሕግ ይገባል። በመላው ሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፍ ለመንካት፣ ለመከርከም እንኳ፣ የክፍለ ግዛቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዛፍ ቆራጩም በክፍለ ግዛቱ የተሰጠ የዛፍ ባለሙያ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ይጠይቁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፌርፋክስም ሆነ አርሊንግተን፣ በግል ግቢ ያለ ተራ ዛፍ ባጠቃላይ የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ጓሮው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት የሚያዋስነው ከሆነ ግን ከጅረቱ ዳር 100 ጫማ ድረስ ያለው መሬት በቼሳፒክ ቤይ ጥበቃ ሥር ስለሚወድቅ ካውንቲውን ሳይጠይቁ አንድም ዛፍ አይቆረጥም። ታውን ሃውስ ከሆነም የሰፈሩ ማኅበር፣ ኤችኦኤው፣ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፣ ብዙ ጊዜም ከካውንቲው የጠበቀ ነው።